ሒሳባችን ወደ ክላውድ ሲሻገር ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ አቀርባለሁ። ነዋሪነቴ በደብረ ብርሃን ሲሆን፣ በከተማችንና ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በሚወርደው መንገድ ላይ የሚገኙ ጥቂት አነስተኛ ድርጅቶችን የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ። ከደንበኞቼ መካከል የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ የዱቄት ወፍጮ፣ መድኃኒት ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ይገኙበታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እነዚህ ድርጅቶች በየተራ አንድ ጥያቄ እያቀረቡልኝ ነው፤ በመደብራቸው ያለውን ሰርቨር ትተው ፋይላቸውን፣ ኢሜይላቸውንና የሒሳብ ፕሮግራማቸውን ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የአገልግሎት ሰጪ ድርጅት ኮምፒውተር፣ ማሻገር ይገባቸው እንደሆነ ይጠይቁኛል። ስለ ዲጂታል አሠራር የሚጻፈው በአብዛኛው ባንኮችንና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከት ስለሆነ፣ የራሱ የኮምፒውተር ባለሙያ የሌለው፣ አምስትና ስድስት ሠራተኛ ያለው መደብር በዚህ ሽግግር ምን እንደሚገጥመው የማውቀውን ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በእኛ አካባቢ ሰርቨር የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ተራ ኮምፒውተር ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተጭኖበታል፤ የዕቃ ዝርዝሩ፣ የዱቤ መዝገቡ፣ የደመወዝ ሰንጠረዡና የጨረታ ሰነዱ ሁሉ እዚያው ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ለማሽኑ ይስማማዋል፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ ግን ሙቀቱና አቧራው ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ብዙዎቹ ማሽኖች የሚሠሩበት ሶፍትዌር ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን የደህንነት ማሻሻያ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ለዊንዶውስ ሰርቨር 2012 የሚሰጠውን መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ስለዚህ እንሻገር ወይስ እንቆይ የሚለው ጥያቄ ከፋሽን የመጣ አይደለም፤ ባሉበት መቆየትም የራሱ አደጋ አለው።

የሰሜን ሸዋ ነጋዴ ይህን ጉዳይ የሚያየው ባለፉት ዓመታት በደረሰበት ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም ኅዳር ወር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲደርስ፣ ሱቁ የተዘረፈበት ሰው የጠፋበት ዕቃው ብቻ አልነበረም። ኮምፒውተሩ አብሮ ስለሄደ ከማን ምን ያህል እንደሚፈልግ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ምን ያህል ንብረት እንደወደመበት የሚያስረዳበት መዝገብም አብሮ ሄዷል። ያን ጊዜ መረጃው አዲስ አበባ ባለ የመረጃ ማዕከል ቢቀመጥ ኖሮ ቢያንስ መዝገቡ ይተርፍ ነበር። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ፣ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ። በዚያ ወቅት መረጃውን ሙሉ በሙሉ ክላውድ ላይ አስቀምጦ በሞባይል ዳታ ብቻ ይሠራ የነበረ ነጋዴ መዝገቡ በሰላም መኖሩን እያወቀ ሊያየው አልቻለም። አንዱ ክፉ ቀን መዝገብን ከመደብር ውጭ ማኖርን አስተማረን፤ ሌላው ደግሞ ከመደብር ጨርሶ አለማውጣትን።

የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ባለቤት የሆኑት እናት ይህን ከእኔ በተሻለ ገልጸውታል። ስለ ክላውድ ጥቅም ረዘም አድርጌ ሳስረዳቸው በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያልከው ሁሉ መልካም ነው፤ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ግን ዱቤ ያለበትን ሰው በምን አውቀዋለሁ?» ብለው ጠየቁኝ። የዚያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሆኖም በሽግግሩ ከሁሉ የከፋውን ችግር ያየሁት በኔትወርኩ ሳይሆን በአካውንቱ ላይ ነው። አንድ ደንበኛዬ ሥራውን ያሠራው በክፍያ ባመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ባለሙያው ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል፤ ፋይሎቹን ሁሉ አሻግሯል፣ ለሠራተኞቹም ኢሜይል ከፍቷል። ነገር ግን ዋናውን የአስተዳዳሪ አካውንት የከፈተው በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር ነበር፤ የድርጅቱ የኢንተርኔት አድራሻም የተመዘገበው በእሱ ስም ነው። በተንኮል ያደረገው አይመስለኝም፤ በወቅቱ የቀለለው ይህ ስለነበረ ነው። ከዓመት በኋላ ባለሙያው ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ሲም ካርዱም ሳይሠራበት ቆይቶ ተዘጋ። አገልግሎቱ የይለፍ ቃል እንዲታደስ በጠየቀ ጊዜ ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ማንም ወደማይመልሰው ስልክ ሆነ። ድርጅቱ የአካውንቱ ባለቤት መሆኑን ለማስረዳት የንግድ ፈቃድ እየተረጎመ፣ ደብዳቤ እየላከ፣ መልስ እየጠበቀ ሰባት ሳምንት ፈጀበት። በእነዚያ ሰባት ሳምንታት ሽያጭ የተመዘገበው በእጅ ነው፤ እኔም የወሩን የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ያዘጋጀሁት ከደረሰኝ ቀሪዎች እየለቀምኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ደንበኛ ከፋይሉ በፊት የምጠይቀው የአካውንቱን ባለቤትነት ነው። ዋናው አካውንት በድርጅቱ ባለቤት ስም፣ ድርጅቱ ራሱ በያዘው ሲም ካርድ መከፈት አለበት። ባለሙያው የራሱ የተለየ መግቢያ ይሰጠው፤ ሥራው ሲያልቅ መግቢያው ይዘጋ። ሁለተኛ አስተዳዳሪ አካውንት ለክፉ ቀን መኖር አለበት። አገልግሎቶቹ የሚሰጡት የመጠባበቂያ ኮድ በወረቀት ታትሞ ከንግድ ፈቃዱና ከቤት ኪራይ ውሉ ጋር በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ። ማረጋገጫውን በአጭር መልእክት ከመቀበል ይልቅ ስልክ ላይ በሚጫን ኮድ አውጪ መተግበሪያ መጠቀም ይሻላል፤ መተግበሪያው ኮዱን የሚያወጣው ከስልኩ ሰዓትና አስቀድሞ ከተቀመጠ ምስጢራዊ ቁጥር ስለሆነ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። በእኛ አካባቢ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ሥራ መቀጠሉንና መቆሙን ይወስናል።

በአካውንት ጉዳይ ሌላው የሚያሳስበኝ የጋራ መግቢያ ነው። በመደብሮቻችን አምስት ሠራተኛ በአንድ የይለፍ ቃል መግባት የተለመደ ነው፤ ቃሉም ብዙውን ጊዜ የድርጅቱ ስልክ ቁጥር ነው። ሰርቨሩ ጠረጴዛ ሥር በነበረበት ጊዜ ይህ ጥፋት የሚያስከትለው ጉዳት ውስን ነበር፤ ሌባው መጀመሪያ የመደብሩን በር ማለፍ ነበረበትና። ክላውድ ላይ ግን ያ ስልክ ቁጥር የትም አገር የተቀመጠ ሰው ሊሞክረው የሚችል መክፈቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ አንድ ዕቃ ከመዝገብ ሲጎድል ማን እንደነካው ማወቅ አይቻልም፤ ንጹሑም ሠራተኛ አብሮ ይጠረጠራል። በአንጻሩ ሠራተኞች የድርጅቱን ፋይል በግል ኢሜይላቸው ሲይዙት፣ ሠራተኛው ሥራ በለቀቀ ቀን ፋይሉም አብሮት ይለቃል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ መክፈት ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ የሚቆጠብበት ቦታ ግን እዚህ ላይ አይደለም።

አሁን የውጭ አገር መመሪያዎች ወደማያነሡት፣ እኛን ብቻ ወደሚመለከተው ችግር ልለፍ። የመጀመሪያው የቀን አጻጻፋችን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 በቁጥር 30/02 ተብሎ ይመዘገባል። የሰንጠረዥ ፕሮግራሞች ግን ሁለተኛውን ወር እንደ ፌብሯሪ ስለሚቆጥሩ 30/02 የሚባል ቀን አያውቁም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዙታል፤ ጥቅምት 28ን ግን እንደ ቀን ይቀበላሉ። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስትሆን፣ እነሱ ግን 13ኛ ወር የሚባል አያውቁም። አካውንቱ በአሜሪካ አቀማመጥ ከተከፈተ ደግሞ 05/02 ብለን የጻፍነው ጥቅምት 5፣ ሜይ 2 ሆኖ ይነበባል። አሮጌው ሰርቨር ላይ ዓይናችን ስለለመደው ችግሩ አይታይም ነበር። ዝርዝሩ ወደ አዲሱ የክላውድ ሒሳብ ፕሮግራም ሲገባ ግን ከፊሉ መስመር ተቀባይነት ያጣል፣ ከፊሉ ወሩን ይቀይራል፣ ቅደም ተከተሉም ይናጋል። ጥቅምት 30 የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሒሳብ ማሳወቂያ የሚያበቃበት ቀን መሆኑን ለሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግተውም። እኔ አሁን የምሠራው ከማሻገሬ በፊት ሁለት ዓምድ በማዘጋጀት ነው፤ በአንዱ የኢትዮጵያን ቀን እንደ ጽሑፍ፣ በሌላው ተመጣጣኙን የአውሮፓ ቀን እይዛለሁ። አድካሚ ቢሆንም ሌላ አስተማማኝ መንገድ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቢሮዎቻችን ሲጽፉ የኖሩት ዩኒኮድን ባልተከተሉ የቆዩ የአማርኛ ፎንቶች ነው። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ የኪራይ ውል ወይም የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት የክላውድ ጽሑፍ ማዘጋጃ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታያል። አንድ ደንበኛዬ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ሊያጠፋው ነበር። ፋይሉ አልተበላሸም፤ አሮጌው ኮምፒውተር ሳይጣል፣ ፎንቱ ባለበት ተከፍቶ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም ቢያንስ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ይኖርበታል። ሰርቨሩን ሸጦ ከዚያ በኋላ ፋይሉን መክፈት የጀመረ ሰው ግን ፎንቱን ፍለጋ ይንከራተታል።

እኔም ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት አለና ሌላው እንዳይደግመው ልናገር። የፒችትሪን የመረጃ ፎልደር እንዳለ ከክላውድ ጋር በየጊዜው በሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ አስቀምጬ ከሁለት ኮምፒውተር እንዲሠራበት አደረግሁ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም መረጃውን የሚይዘው እርስ በርስ በተያያዙ ብዙ ፋይሎች ስለሆነ፣ አንዱ ፋይል ተመሳስሎ ሌላው ገና ሳለ ሁለተኛው ሰው ሲገባበት መዝገቡ ተዛባ። የአሥራ አንድ ቀን ሥራ እንደገና ከደረሰኝ ላይ መዝግቤአለሁ። ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙን ባለበት አሠርቶ በየዕለቱ ከፕሮግራሙ ራሱ የሚወጣውን የመጠባበቂያ ቅጂ ወደ ክላውድ መስቀል፣ ካልሆነም ለክላውድ ተብሎ ወደተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ጨርሶ መዞር ነው።

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር መነገር አለበት። የኢንተርኔት ውል ስንፈርም የሚነገረን ብዙውን ጊዜ መረጃ የምንቀበልበት ፍጥነት ነው፤ መረጃ የምንልክበት ግን ከዚያ ሊያንስ ይችላል። 200 ጊጋባይት መረጃ ያለው ድርጅት በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የመላኪያ ፍጥነት ቢኖረው፣ መብራትም ኔትወርክም ሳይቋረጥ፣ ሌሊትና ቀን እየላከ ከ9 ቀን በላይ ይፈጅበታል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ይህ ወደ ወር ይጠጋል። ስለዚህ አሮጌውንና የማይፈለገውን አስቀድሞ መለየት፣ ካቆመበት በሚቀጥል ፕሮግራም መላክ፣ ከተቻለም መረጃውን በዲስክ ይዞ ፈጣን መስመር ካለበት ቦታ መስቀል ይበጃል። ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው የሒሳብ መዝጊያ ወቅት ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ካለ እባኩ እስከ ኅዳር ይታገሥ።

ክፍያው የብዙዎችን ሐሳብ ያስለወጠ ጉዳይ ነው። የውጭ አገር አገልግሎቶች የሚከፈሉት በየወሩ በዶላር ነው። በአንድ ተጠቃሚ 6 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት ብንወስድ፣ አምስት ሠራተኛ ያለው መደብር በወር 30 ዶላር ይከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይህ 1,710 ብር ነበር፤ አንዱ ዶላር 110 ብር ሲገባ ያው አገልግሎት 3,300 ብር ሆነ። የመደብሩ ትርፍ ግን በዚያው ልክ አላደገም። የራሱ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ነጋዴ ደግሞ ክፍያውን የሚፈጽመው ውጭ ባለ ዘመዱ ካርድ ነው፤ ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ዘመዱ ሲረሳ አካውንቱ ይታገዳል። በዚህ ረገድ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም አገልግሎት መጀመሩ፣ በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክም የግል የመረጃ ማዕከላት መከፈታቸው በብርና በአገር ውስጥ ውል ለመገልገል ተስፋ የሚሰጥ ስለሆነ በግሌ ደስ ብሎኛል። ጥያቄዬ እነዚህ አገልግሎቶች የአምስት ሠራተኛ መደብርን አቅምና ቋንቋ ታሳቢ ያደረገ ጥቅል ያዘጋጁ እንደሆነ ነው።

መድኃኒት ቤት፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ያላቸው ሰዎች በተለይ ሊያስቡበት የሚገባ ሕግም ወጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ለሚሰበስብና ለሚይዝ ሁሉ ግዴታ የሚጥል፣ መረጃው ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትንም ሁኔታ የሚወስን ነው። የታካሚዎችን ስምና የወሰዱትን መድኃኒት ዝርዝር ሰርቨሩ የት አገር እንዳለ ሳይጠይቁ መስቀል ከእንግዲህ የግል ምርጫ ብቻ አይደለም። ይህን አዋጅ ለአነስተኛ ነጋዴዎች በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ አካል በዞናችን ቢኖር፣ ለምሳሌ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተመራቂ ተማሪዎች በንግድ ጽሕፈት ቤቶች በኩል ለግማሽ ቀን እንኳ ቢያስተምሩ፣ ብዙ ጥፋት ከመድረሱ በፊት ይቀር ነበር።

ለባለ መደብሯ እናት በመጨረሻ ያገኘሁላቸው መልስ ይህ ነው። ገበሬው የዘሩን እህል ከጎተራው ለይቶ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ የየዕለቱ ሥራ መደብሩ ውስጥ ባለ አንድ ደህና ኮምፒውተር ይሠራል፤ ማታ ማታ ኔትወርክ ሲኖር የመጠባበቂያ ቅጂው ክላውድ ላይ ይወጣል፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሌላ ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ተገልብጦ እሳቸው ራሳቸው ወደ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። የዱቤ መዝገቡ በየሳምንቱ በወረቀት ይታተማል። በየሦስት ወሩ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱን አብረን እንሞክራለን፤ ተሞክሮ ያልተከፈተ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርምና። ኢሜይሉና የጨረታ ሰነዱ ሙሉ በሙሉ ክላውድ ላይ ናቸው። ይህ አደረጃጀት ባለፈው ክረምት መስመሩ ለአራት ቀን በጠፋ ጊዜ ተፈትኗል፤ መደብሩ አንድም ቀን አልተዘጋም።

ለአገልግሎት ሰጪዎች የማቀርባቸው ጥያቄዎች ሦስት ሲሆኑ፣ በእናንተ በኩል እንዲደርሷቸው እለምናለሁ። ከደንበኛ ጋር የምትዋዋሉበት ሰነድ በአማርኛ ይዘጋጃል ወይ? በውሉ ላይ ዋናው አካውንት በድርጅቱ ባለቤት ስም እንደሚከፈት በግልጽ ይጻፋል ወይ? ደንበኛው አገልግሎቱን ማቋረጥ ሲፈልግ መረጃው ሁሉ በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ዓይነት ፋይል፣ በምን ያህል ክፍያ ይመለስለታል? መልሳቸውን በዚሁ ጋዜጣ ላይ አንብቤ ለደንበኞቼ ለማስረዳት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን